ማሰር፣ ማካካስ ወይስ ሰፈሩን ማልማት? ለወንጀል ምላሽ ለሚመርጡ የንጽጽር መመሪያ

አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሌሊት ሱቅ ሰብሮ ገባ። የወሰደው ጥቂት ጥሬ ገንዘብና ሁለት ስልክ ነው፤ በሳምንቱ ተያዘ። ጉዳዩን ለመምከር ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ «ይታሰር፣ ሌላውም ይማርበት» አለ። ሁለተኛው «እሱ ቢታሰር ለባለሱቁ ምን ይተርፈዋል? ፊት ለፊት ያናግረውና ያበላሸውን ይካስ» አለ። ሦስተኛዋ ደግሞ «ያ መንገድ ጨለማ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው? ልጆቹስ ትምህርት ሲዘጋ የት ነው የሚውሉት?» ብላ ጠየቀች።

እንዲህ ያለ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ በጭቅጭቅ ያልቃል። ሦስቱ ሰዎች በአንድ ነገር ላይ የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያየ ሰዓት ነው። አንዱ አደጋው ገና ስላልበረደበት ሰዓት፣ ሌላው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ስላለው፣ ሦስተኛዋ ጉዳቱ ሳይደርስ በፊት ስለነበረው። ይህ መመሪያ በእነዚህ መካከል ገንዘቡን፣ ጊዜውን ወይም ድምፁን የት እንደሚያውል ለቸገረው ሰው የተጻፈ ነው። የምክር ቤት አባል፣ የፍትሕ ባለሙያ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ኃላፊ ወይም ራሱ የተበደለው ሰው ሊሆን ይችላል።

አስቀድሞ ቃላቱን እናጥራ። «ተሃድሷዊ ፍትሕ» የምለው ወንጀልን እንደ ሕግ ጥሰት ብቻ ሳይሆን በሰው ላይ እንደደረሰ ጉዳት የሚያየውን አሠራር ነው። መነሻ ጥያቄዎቹ ማን ተጎዳ፣ ምን ያስፈልገዋል፣ ያንን የማሟላት ግዴታስ የማን ነው የሚሉ ናቸው። «በማኅበረሰብ ላይ ኢንቨስት ማድረግ» ደግሞ ለፖሊስና ለእስር ቤት ሳይሆን ወንጀል በሚበዛበት ቦታ ላይ ላሉት ሰዎች፣ ለመንገዱ፣ ለሥራው፣ ለመብራቱ ገንዘብ መመደብ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥቅል ይቀርባሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መለኪያዎቹ

ተበዳዩ ምን ያገኛል? ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት በየውይይቱ መጨረሻ ላይ ስለሚታወስ ነው፤ ከታወሰ። የተሰረቀ ወይም የተደበደበ ሰው የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው። «ለምን እኔን መረጥክ? ተመልሰህ ትመጣለህ? ንብረቴስ?» በመደበኛው ችሎት ተበዳዩ ምስክር ነው። የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ጥያቄ ግን አይጠይቅም።

አሁን ያለውን አደጋ ያቆማል? የሚዝት፣ የሚያሳድድ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ካለ ሌላው መለኪያ ሁሉ ለጊዜው ይቆይ።

በዳዩ ተመልሶ ያጠፋል? እዚህ ላይ ቁጥር ሲቀርብልዎ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ የሚነጻጸሩት ሰዎች እንዴት ተመረጡ? ከተበዳዩ ጋር ለመቀመጥ በፈቃዱ የመጣ ልጅ ከመጀመሪያውም የተጸጸተ ሊሆን ይችላል። እምቢ ካለው ጋር ቢያነጻጽሩት ፕሮግራሙ ተአምር የሠራ ይመስላል። ስለዚህ ሰዎቹ በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ከአሥር የምስጋና ደብዳቤ ይበልጣል።

የማን መብት ይጣሳል? ያላጠፋ ሰው «አጠፋሁ» እንዲል መገፋት፣ ተበዳይ ይቅር እንድትል መገደድ፣ ለድሃው ችሎት ለሀብታሙ ውይይት መሆን። በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት የተቀበለው መሠረታዊ መርሕ እዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ነው። ሁለቱም ወገኖች በነጻ ፈቃዳቸው መግባት አለባቸው፣ በማንኛውም ሰዓትም መውጣት ይችላሉ። በዳዩ በውይይት መሳተፉ ብቻውን በኋላ ፍርድ ቤት እንደ ጥፋተኝነት ማስረጃ አይቀርብበትም።

ማን ይከፍላል፣ ማንስ ይቆጥባል? ዋጋው ትንሽ ትልቅ ከመባሉ በፊት ይህ ይታይ። የመንገድ መብራቱን የሚከፍለው ከተማው ነው፤ እስረኛ ሲቀንስ የሚቆጥበው ግን ብዙ ቦታ ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ የሚገባ ትርፍ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ተከራካሪ አያገኝም። እኔ የማውቃቸው ጥሩ ሐሳቦች የወደቁት ስላልሠሩ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

## አንደኛ አማራጭ፦ ችሎትና እስራት

በዓለም ላይ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ታስሮ ይገኛል። ይህን ያህል የተለመደ ነገር እንደ አማራጭ መታየቱ ራሱ ለብዙዎች እንግዳ ነው።

የማይካድ ጥንካሬ አለው። ሰውየው ውስጥ እያለ ውጭ ባለ ሰው ላይ እጁን አያነሳም። ለመግደል የሚዝትን ሰው በክብ በተደረደረ ወንበር ላይ በሚደረግ ውይይት አያቆሙትም። ማስረጃ በወግ የሚመረመርበት፣ ተከሳሹ ጠበቃ የሚያቆምበት፣ ይግባኝ የሚባልበት ሥርዓት መኖሩም ተራ ነገር አይደለም። «አላደረግኩም» የሚል ሰው መሄድ ያለበት ወደ ችሎት ነው እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይደለም።

ድካሙ የሚታየው በሩ ሲከፈት ነው። በ2021 የወጣ፣ 116 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እስራት ከእስር ውጭ ካሉ ቅጣቶች ጋር ሲተያይ ዳግም ወንጀልን እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም በትንሹ ሊያባብስ እንደሚችል አሳይቷል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም፤ ሥራው ቀርቷል፣ ቤት አከራዩ ሌላ ሰው አስገብቷል፣ ውስጥ ሆኖ ያፈራቸው ጓደኞች ደግሞ አሉ። በማስፈራራት በኩልም ቢሆን ሰው የሚፈራው የመያዙን እርግጠኝነት እንጂ የቅጣቱን ርዝመት እንዳልሆነ የወንጀል ጥናት ደጋግሞ ያገኘው ነገር ነው። አምስት ዓመትን አሥር ማድረግ ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል፤ ፍርሃቱን ግን እጥፍ አያደርገውም።

ይህ ማለት እስር ቤት ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። በኖርዌይ የተደረገ ጥናት ከመታሰራቸው በፊት ሥራ ያልነበራቸው ሰዎች ከተፈቱ በኋላ የመሥራት ዕድላቸው እንደጨመረ፣ ወንጀላቸውም በእጅጉ እንደቀነሰ አግኝቷል፤ እዚያ እስራት ከሙያ ሥልጠና ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ «ማሰር ይሠራል ወይ?» ከማለት በፊት «የትኛው እስር ቤት?» ማለት ይገባል።

## ሁለተኛ አማራጭ፦ ተበዳይና በዳይ ፊት ለፊት

በ1974 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት 22 ንብረት ላይ ጉዳት አደረሱ። ጉዳዩን የያዘው የአመክሮ ባለሙያ ማርክ ያንትዚ ልጆቹ ተበዳዮቻቸውን ቢያገኟቸው ይበጃል ብሎ ለዳኛው ሐሳብ አቀረበ። ዳኛው ተቀበሉት። ልጆቹ በየቤቱ እየሄዱ በር አንኳኩ፣ ያደረጉትን ተናገሩ፣ የጉዳቱን ልክ ጠየቁ፤ በወራት ውስጥም ከፈሉ። ዛሬ በብዙ አገር ያለው የተበዳይና የበዳይ ውይይት ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። ኒውዚላንድ በ1989 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ለወጣት ጥፋተኞች የቤተሰብ ጉባኤን የሥርዓቱ ምሰሶ አደረገችው፤ ልጁ፣ ቤተሰቡ፣ ተበዳዩና ፖሊስ ተቀምጠው የሚደርሱበትን ዕቅድ ፍርድ ቤቱ ያየዋል። ከዚያ ወዲህ በማቆያ የሚገቡ ወጣቶች ቁጥር በእጅጉ አሽቆለቆለ። ሰሜን አየርላንድም ከ2003 ጀምሮ ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች።

እነዚህን ሲገመግሙ በወረቀት ላይ ያለውን መግለጫ ትተው ቀኑ ራሱ ምን እንደሚመስል ይጠይቁ። ወደዚያ ልጅና ወደ ባለሱቁ እንመለስና እናስበው።

ከስብሰባው በፊት አወያዩዋ ሁለቱንም ለየብቻ አግኝታለች፤ አንዴም አይደለም። ባለሱቁን «ምን ልትጠይቀው ትፈልጋለህ? ምን ቢልህ ትናደዳለህ? ከማን ጋር ብትመጣ ይሻልሃል?» ብላዋለች። ልጁን ደግሞ «በራስህ አፍ ንገረኝ» ብላ ታሪኩን ሰምታለች፤ «ጓደኞቼ ናቸው ያሳሳቱኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ሲነገር ምን እንደሚያስከትል ቀድማ አውቃለች። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ተወስኗል። መሃል ላይ ጠረጴዛ የለም። ውሃና ሶፍት ጥግ ላይ አለ።

«የዚያን ሌሊት ምን ሆነ?» ትለዋለች። ልጁ መሬት መሬት እያየ ይናገራል። ከዚያ ባለሱቁ ይቀጥላል፤ ስለ ስልኮቹ ብዙም አያነሳም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የሱቁ በር በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር ሚስቱ እንደምትነሳ፣ እሱም ሱቁ ውስጥ ማደር እንደጀመረ ይናገራል። ልጁ ቀና የሚለው እዚህ ጋ ነው። ስለ ሚስትየው አስቦ አያውቅም ነበር፤ በእሱ ሐሳብ የሰረቀው ከሱቅ እንጂ ከሰው አልነበረም። እናቱ ትናገራለች። ዝምታ ይሆናል፣ አወያዩዋም ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩልም። ጎበዝ አወያይ የሚለየው በዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ስምምነት ይጻፋል። «ከእንግዲህ ጥሩ ልጅ እሆናለሁ» ስምምነት አይባልም። «ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከበር ሠራተኛው ጋር ሆኖ ይሠራል፤ ከሚከፈለው ላይ ይህን ያህሉ ለሱቁ በር ጥገና ይውላል፤ በየሁለት ሳምንቱ እከሌ ይከታተላል» የሚለው ነው ስምምነት።

ማስረጃው ምን ይላል? በ2013 የወጣ ግምገማ በሦስት አህጉራት የተደረጉ፣ ሰዎች በዕጣ የተመደቡባቸውን 10 ሙከራዎች፣ በጠቅላላው 1,880 በዳዮችን መርምሯል። ተበዳይና በዳይ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ይህ ጉባኤ ዳግም ወንጀልን መጠነኛ በሆነ ደረጃ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ውጤቱ ከንብረት ወንጀል ይልቅ በኃይል ወንጀል ላይ የበረታ ነው። በብሪታንያ ሙከራዎች የተከለከለው ወንጀል ዋጋ ከፕሮግራሙ ወጪ ከ3.7 እስከ 8.1 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከተሳተፉት ተበዳዮች ውስጥም 85 በመቶው በጉባኤው እንደረኩ ተናግረዋል።

የእኔን ፍርድ ልናገር። ይህን አማራጭ መግዛት ያለብዎት ለተበዳዩ ሲሉ ነው፤ የወንጀል መቀነሱ ምራቂ ይሁን። ዋናው ዓላማ «በዳዩን ማረም» ሲሆን ተበዳዩ መሣሪያ ይሆናል። ይደወልለታል፣ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ማንም አያስታውሰውም።

የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ርካሹ ቅጂ ነው። የዚህ ሥራ ወጪ ያለው በዝግጅቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ያልተዘጋጁ ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ግን ሁለተኛ በደል ነው። የአውስትራሊያዋ ካንቤራ ልምድም ትምህርት አለው፤ ጉባኤ ይደረግላችኋል ተብለው የቀረባቸው ተበዳዮች ከማንም በላይ ተከፉ። ቃል ገብቶ መቅረት ጨርሶ ካለመግባት ይከፋል።

ሁለተኛው የኃይል ሚዛን ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ በዳዩ በአንድ እይታ ብቻ ተበዳይዋን ዝም ሊያሰኛት ይችላል፤ አወያዩ እይታውን እንኳ ላያስተውለው ይችላል። በዚህ ዘርፍ ልዩ ሥልጠና፣ የደኅንነት ዕቅድና ከተበዳይዋ የመጣ ጥያቄ ከሌለ አይሞከር ባይ ነኝ።

ሦስተኛው መረቡን ማስፋት ነው። በማስጠንቀቂያ ብቻ ይለቀቅ የነበረ ልጅ «ፕሮግራም ስላለ» ብቻ ለወራት ክትትል ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ያምራል፤ የዳነ ሰው ግን የለም።

«የሕዝብ ችሎት» እና ተሃድሷዊ ፍትሕም አይምታቱ። በ1994ቱ የዘር ማጥፋት የተጠረጠሩትን በየመንደሩ ይዳኝ የነበረው የሩዋንዳ ጋቻቻ በ2012 ሲዘጋ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ጉዳይ አይቶ ነበር፤ መደበኛው ፍርድ ቤት በምንም ስሌት ሊወጣው የማይችለው ሥራ ነው። እውነቱን አደባባይ ላይ ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ይፈርድ ነበር፣ ለረጅም ዘመን ያስር ነበር፣ ተከሳሾችም ያለ ጠበቃ ነበር የሚቀርቡት። ማኅበረሰብ ስለተሰበሰበ ብቻ ጉዳት ይጠገናል ማለት አይደለም።

## ሦስተኛ አማራጭ፦ መንገድ ላይ የሚያስታርቁ ሰዎች

ተኩስና በቀል በሚመላለስበት ሰፈር ልጆቹ የሚሰሙት ሰው፣ ብዙ ጊዜም ራሱ በዚያ ሕይወት ያለፈ፣ ተቀጥሮ ጠብ ከመፈንዳቱ በፊት ይገባል። ሆስፒታል ሄዶ የቆሰለው ልጅ ወንድም አጠገብ ይቀመጣል፤ «ዛሬ ማታ የት ነህ?» ይለዋል። በቺካጎ በ2000 የተጀመረው ይህ አሠራር ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። ውጤቱ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ተኩስ ሲቀንስ ሌላው ጋ ለውጥ አልታየም። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የተቀጠረው ሰው ማንነትና ደመወዙ ሳይቋረጥ መከፈሉ ነው። በየስድስት ወሩ ኮንትራቱ የሚያበቃ ሰው እምነት አይገነባም።

በ1996 ቦስተን የተጠቀመችበት መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ፖሊስም አለበት። ጥቂቶቹን ዋና ተዋናዮች ጠርቶ «እንድትኖሩ እንፈልጋለን፣ ሥራና እርዳታ ይኸው፤ ቀጣዩን ተኩስ የሚተኩስ ቡድን ግን በሙሉ ይጠየቃል» ማለት ነው። የወጣቶች ግድያ በ63 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ወቅት በሌሎች ከተሞችም ግድያ እየቀነሰ ስለነበር ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ ግን ከተኮሰው ሁሉ ጀርባ ያሉት ጥቂት ሰዎች መሆናቸውን ማሳየቱ ብቻውን ዋጋ አለው።

## አራተኛ አማራጭ፦ ገንዘቡን ቦታው ላይ ማፍሰስ

«በማኅበረሰብ ላይ ኢንቨስት እናድርግ» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው ጥሩ ምኞት ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የምሰማው፤ ጥናቶቹን እስካይ ድረስ።

ፊላደልፊያ ውስጥ 541 ባዶ ቦታዎች ተወሰዱ። በዕጣ ተከፋፈሉ። የተወሰኑት ቆሻሻቸው ተጠረገ፣ ሣር ተዘራባቸው፣ ጥቂት ዛፍ ተተከለባቸው፣ ዙሪያቸው ላይ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ተደረገ። አጥሩን ልብ ይበሉት፤ ሰው እንዲገባ መግቢያ የተተወለት ነው፣ ግን ማንም መጥቶ መኪና ሙሉ ቆሻሻ እንዲደፋ አይፈቅድም። በ2018 በወጣው ውጤት ከድህነት መስመር በታች ባሉ ሰፈሮች የጦር መሣሪያ ጥቃት በ29 በመቶ ቀነሰ። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተመከረም። መሣሪያ የሚደበቅበት ሣር ነው የታጨደው።

በኒውዮርክ የመንግሥት መኖሪያ ቤቶች ግቢ በ2016 ጊዜያዊ የመብራት ማማዎች በዕጣ ለተመረጡ ግቢዎች ተሰጡ። ሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ወረደ። ያች ሦስተኛዋ ሰው ስለ ጨለማው መንገድ ስትጠይቅ ርዕስ አልሳተችም።

ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ወንጀል ከበዛባቸው 13 ትምህርት ቤቶች የመጡ 1,634 ተማሪዎች በዕጣ ተለይተው ከፊሎቹ ለስምንት ሳምንት ተራ የእረፍት ጊዜ ሥራ አገኙ። በቀጣዮቹ 16 ወራት በኃይል ወንጀል የመያዛቸው ቁጥር በ43 በመቶ ያነሰ ሆነ። ቅናሹ በአብዛኛው የታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ሥራ ይዟቸው ስለዋለ ነው» ብቻ ተብሎ አይታለፍም። በዚያው ጥናት የንብረት ወንጀል አልቀነሰም። ሱቅ ሰባሪውን ልጅ የሚመለከት ነገር ነውና ይህን ሳይናገር የሚያልፍ ሰው ሙሉውን አልነገረዎትም።

የዚህ አማራጭ ጉድለት አንድና ግልጽ ነው፤ ትናንት ለተሰረቀው ሰው ምንም አይሰጠውም። ለተበዳይ «ለወደፊቱ መብራት እናስገባለን» ማለት መልስ አይሆንም። ሌላው ስጋት ጥገና ነው። የተተከለው መብራት ሲቃጠል፣ ሣሩ ሲያድግ ማን ይመጣል? የመትከያ በጀት ኖሮት የጥገና በጀት የሌለው ፕሮጀክት ሁለት ዓመት አይቆይም።

## አምስተኛ አማራጭ፦ የእስር ቤቱን ገንዘብ ማዞር

ይህ ከቀደሙት ይልቅ የገንዘብ ምንጭ ጥያቄ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከአንድ ሰፈር ብዙ ሰው ለማሰር የሚወጣው ገንዘብ ይታወቃል፤ ከዚያ ላይ ተቀንሶ እዚያው ሰፈር ላይ ይዋል። ቴክሳስ በ2007 ለአዳዲስ እስር ቤቶች ግንባታ ታስቦ የነበረውን እጅግ የሚበልጥ ወጪ ትታ 241 ሚሊዮን ዶላር ለሕክምናና ለአማራጭ ቅጣቶች መደበች። በአውስትራሊያ ቦርክ ከተማ የአገሬው ተወላጆች ራሳቸው የመሩት ሥራ ደግሞ አለ፤ በ2018 የወጣ ግምገማ በ2017 ለፖሊስ የደረሰው የቤት ውስጥ ጥቃት በ23 በመቶ መቀነሱን ዘግቧል። በዕጣ የተደረገ ሙከራ ስላልሆነ ክብደቱን በዚያ ልክ መመዘን ነው።

ማስጠንቀቂያው ከአሜሪካ ነው። በብዙ ግዛቶች «የተቆጠበው» ገንዘብ ሰፈሩ ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ለክትትል ሠራተኞችና ለፖሊስ ዋለ። ስለዚህ የሚፈርሙት ሰነድ ላይ ገንዘቡን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ በስም ካልተጻፈ፣ የተቆጠበው የለም ብለው ያስቡ።

## ሁሉንም በአንድ ላይ

| አማራጭ | የሚሠራበት ሰዓት | ለተበዳዩ | አስቸኳይ አደጋ ማቆም | ዳግም ወንጀል ወይም ወንጀል መቀነስ | ወጪ | ውጤት የሚታይበት ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ችሎትና እስራት | አደጋው ሳይበርድ | ጥቂት | ጠንካራ | ደካማ፤ እንደ እስር ቤቱ ይለያያል | ከፍተኛ | ወዲያው፣ እስኪፈታ |
| የተበዳይና የበዳይ ጉባኤ | ከጉዳቱ በኋላ | ጠንካራ | የለም | መጠነኛ፣ ማስረጃው ጥሩ | መካከለኛ (አብዛኛው ዝግጅት) | ለተበዳዩ በሳምንታት፣ ለወንጀል በዓመታት |
| የመንገድ አስታራቂዎች | ጠቡ ከመፈንዳቱ በፊት | ጥቂት | ለተወሰነ ጠብ | የተደበላለቀ | መካከለኛ፣ ቋሚ ደመወዝ | በወራት |
| መብራት፣ ባዶ ቦታ | ከጉዳቱ በፊት | የለም | የለም | ጠንካራ፣ ለዚያ ቦታ ብቻ | ዝቅተኛ፣ ጥገና ሲጨመር መካከለኛ | በወራት |
| የወጣቶች ሥራ | ከጉዳቱ በፊት | የለም | የለም | ለኃይል ወንጀል ጠንካራ፣ ለንብረት አይደለም | መካከለኛ | ከአንድ ዓመት በላይ |
| የእስር ቤት ገንዘብ ማዞር | ሁሉንም ይነካል | እንደ አጠቃቀሙ | የለም | እንደ አጠቃቀሙ | አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም | በዓመታት |

## ለማን የቱ?

ራስዎ ተበዳይ ከሆኑ፦ ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ማንም «ለልጁ ሲባል» ሊያስገድድዎ አይችልም። ጉባኤ ከቀረበልዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ። በዳዩ ድርጊቱን አምኗል? ከስብሰባው በፊት ለብቻዬ ስንት ጊዜ ታገኙኛላችሁ? ለሁለተኛው መልስ «ዕለቱን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይምጡ» ከሆነ ይቅርብዎ። ይቅር ማለት ግዴታ አይደለም። ጥያቄዎን ጠይቀው፣ መልስ ሰምተው፣ ይቅር ሳይሉ መውጣት ይችላሉ። ፊቱን ማየት ካልፈለጉ በደብዳቤ ወይም በአወያዩ በኩል መነጋገርም አለ።

ገንዘብዎ ትንሽ ከሆነ፦ መብራትና ባዶ ቦታ። ወንጀሉ የሚበዛበትን መንገድና ሰዓት ይቁጠሩ፤ አብዛኛው በጥቂት ቦታዎች ላይ ተከማችቶ ያገኙታል። አሥር ቦታ ላይ ግማሽ ሥራ ከመሥራት ሁለቱን ጨርሶ መጠገን ይሻላል። በዚህ አቅም ጉባኤ አይጀምሩ፤ በደንብ መሥራት የማይችሉት ነገር ነው።

መካከለኛ በጀትና የፍርድ ቤት ፈቃድ ካለዎት፦ ጉባኤውን ይጀምሩ። ሆኖም ቀላሉን ስርቆት ብቻ ለእሱ አይተዉለት። ብዙ ፕሮግራም ለጥንቃቄ ሲል ጥቃቅን ጉዳይ ብቻ ይወስዳል፤ ማስረጃው የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጉዳቱ የተሰማው ሰው ባለበት ጉዳይ ላይ ነው የሚሠራው። የደበደበና የተደበደበ፣ ሁለቱም ፈቃደኛ ሲሆኑ፣ ከሱቅ ማስቲካ ከሰረቀ ልጅ ይልቅ ለዚህ የሚመጥኑ ናቸው።

ሰፈሩ በተኩስ እየታመሰ ከሆነ፦ የሥራና የመብራት ውጤት እስኪደርስ ሰው ይሞታል። አስታራቂዎችና ትኩረት ያለው የፖሊስ ሥራ ይቅደሙ፤ የወጣቶች ሥራ ከጎን ይጀመር። ቢያንስ የሦስት ዓመት ደመወዝ ሳይይዙ አስታራቂ አይቅጠሩ።

ብሔራዊ ፖሊሲ የሚነድፉ ከሆነ፦ ለጉባኤው መነሻ የዳኛ ወይም የዐቃቤ ሕግ በጎ ፈቃድ ብቻ አይሁን። ኒውዚላንድ በ2014 መጨረሻ ሕጓን አሻሽላ ጥፋተኛ ነኝ ያለና ተበዳይ ያለበት ጉዳይ ሁሉ ከቅጣት ውሳኔ በፊት ለተሃድሷዊ ፍትሕ ተስማሚ መሆኑ እንዲታይ አድርጋለች። ካልተጻፈ ሥራው የሚቆየው ያ የሚወደው ዳኛ እስኪዛወር ብቻ ነው።

ስለ ሱቅ ሰባሪው ልጅ እኔን ቢጠይቁኝ ልጁን ወደ ጉባኤው፣ የከተማውን ገንዘብ ወደ መብራቱ እልካለሁ። ሥራ ለመፍጠር ብዬ ግን የባለሱቁን ካሳ አላዘገይም፤ መጀመሪያ በሩ ይጠገን።

የመረጡትን ከመጀመርዎ በፊት ያለፉትን 12 ወራት ይቁጠሩ፦ ስንት ስርቆት፣ ስንት ድብደባ፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንቱ ተበዳይ የጉዳዩን መጨረሻ ሰማ። የፖሊስ መዝገብ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ሰው አያመለክትም፣ እምነት ሲጨምር ደግሞ ማመልከቻ ስለሚበዛ ወንጀል የጨመረ ይመስላል። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቁጥርና በር ለበር የሚደረግ አጭር መጠይቅ አብረው ይሁኑ። ቆጠራውንም ፕሮግራሙን የማይመራ ሰው ይያዘው።